ዛፉና ስሙ፦ የጥንት የፖም ዝርያዎች ፍለጋ በእንግሊዝ አገር

ከጐተራ የወጣ የስንዴ ዘር ቢዘራ የሚበቅለው ያው ስንዴ ነው። አባት የዘራውን ልጅ ይዘራዋል፤ ዝርያውም በዘር አማካይነት ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። የፖም ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። የፖም አበባ አብዛኛውን ጊዜ የሚዳቀለው ከሌላ ዝርያ በመጣ ብናኝ ስለሆነ፣ በአንድ ፍሬ ውስጥ የሚገኙት ጥቂት ዘሮች ቢተከሉ እያንዳንዳቸው ከእናታቸውም እርስ በርሳቸውም የተለዩ ዛፎች ይሆናሉ። ከእነዚህም የሚበዙት ለገበታ የማይበቃ፣ ደቃቅና ኮምጣጣ ፍሬ ይሰጣሉ። በ1927 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ የእህል ዘር የሰበሰበው ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ፣ በ1929 በማዕከላዊ እስያ በአልማ አታ አካባቢ ያሉትን የዱር ፖም ደኖች በጐበኘ ጊዜ የለማው ፖም መነሻ በዚያ መሆኑን ተገንዝቦ ነበር። በኋላ የተደረገው የዲ ኤን ኤ ምርመራም ግምቱን ደግፎታል። በእነዚያ ደኖች ውስጥ አንዱ ዛፍ ከሌላው በፍሬው መጠን፣ በቀለሙና በጣዕሙ ይለያል።

እንግዲህ ከብዙ ሺህ ዛፎች መካከል አንድ መልካም ዛፍ ሲገኝ በዘር ማቈየት አይቻልም። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከዛፉ ቀንበጥ ቈርጦ ሥር በሰደደ ሌላ ግንድ ላይ መቀጠል ነው። ባለሙያዎች ግራፍቲንግ የሚሉት ይህ ጥበብ ከጥንት ሮማውያን ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። እንሰትን በዘር ሳይሆን ከአሚቾው በሚወጣ ቡቃያ የሚያራባ ገበሬ የነገሩን ባሕርይ በቀላሉ ይረዳዋል። አንድ የፖም ዝርያ በሺህ ቦታ ቢገኝም በእውነቱ በብዙ ሥሮች ላይ የቆመ አንድ ዛፍ ነው። አንድ ሰው ቀንበጡን በወቅቱ ካልቀጠለው ግን ዛፉ ሲሞት ዝርያውም አብሮ ይሞታል።

ከዚህም የተነሣ የጥንት ዝርያዎችን ለአንድ የጋራ የፍራፍሬ ቦታ ማሰባሰብ ማለት ሁለት ነገሮችን ማሰባሰብ ነው፤ እነርሱም ዛፉና ስሙ ናቸው። ዛፍ የሌለው ስም በመጽሐፍ ገጽ ላይ ብቻ ይቀራል፤ ስም የሌለው ዛፍ ደግሞ ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ አንድ ቀን ያለ ሐዘን ይቈረጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ለማቈየት የተደረገው ድካም በእንግሊዝ አገር የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ ውስጥ ጐልቶ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የሥጋ ሻጩ ውል

በ1809 በኖቲንግሃምሺር አውራጃ፣ ሳውዝዌል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሜሪ አን ብሬይልስፎርድ የተባለች ልጅ ጥቂት የፖም ዘሮች ተከለች። ከእነዚያ አንዱ በጓሮው ውስጥ ጸድቆ አደገ። ልጅቱ አድጋ፣ ባል አግብታ ከቤቱ ወጣች፤ ዛፉም ዝና ከማግኘቱ በፊት ዐረፈች። በ1846 ቤቱን ከነጓሮው የገዛው ማቲው ብራምሊ የሚባል ሥጋ ሻጭ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1856፣ የችግኝ ማፍላት ሥራ ላይ የተሰማራ ሄንሪ ሜሪዌዘር የተባለ የ17 ዓመት ወጣት ፍሬውን አይቶ ስለ ወደደው፣ ከዛፉ ቀንበጥ ቈርጦ ለማራባት ፈቃድ ጠየቀ። ብራምሊ አልከለከለም፤ ይሁን እንጂ አንድ ግዴታ ጨመረ። ግዴታውም ፖሙ በእርሱ ስም እንዲጠራ ነው።

ሜሪዌዘር ቃሉን ጠበቀ። በ1862 የብራምሊ ፖም ሽያጭ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ሰፈረ። በ1876 የንጉሣዊው የአትክልት ማኅበር የፍራፍሬ ኮሚቴ ፖሙን አመሰገነው። ከዚያም በኋላ ይህ ፍሬ በብሪታንያ ወጥ ቤቶች ውስጥ ለሚበስሉ ምግቦች ተወዳዳሪ የሌለው ፖም ሆነ።

ውሉ ፍጹም ፍትሓዊ ነበር ማለት አይቻልም። ዘሩን የተከለችው ልጅ ተረስታ የገዛው ሰው ስም ሲነሣ ይኖራል። ቢሆንም ውሉ አንድ ትልቅ ጥቅም አስገኝቷል፤ ቀንበጡና ስሙ ከዚያ ጓሮ የወጡት አንድ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ዛፍ በ1900 ገደማ በማዕበል ወድቆ፣ ከተጋደመው ግንድ እንደገና አቈጥቍጦ ተነሣ። በኋላ ግን ሥርን የሚያበሰብስ ፈንገስ ያዘው፤ ይህ በሽታ ደግሞ መድኀኒት የለውም። የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከዛፉ ጥቂት ሕዋሳት ወስደው በቤተ ሙከራ አዳዲስ ዛፎች አሳድገዋል። ዝርያውን ያዳነው ግን ከዚያ አስቀድሞ ከመቶ ዓመት በላይ በሺህ የሚቈጠሩ እጆች ቀንበጡን ከነስሙ ሲቀባበሉት መኖራቸው ነው።

የስሞች ትርምስ

ሁሉም ፖም እንደ ብራምሊ ዕድለኛ አልነበረም። አንድ ዝርያ ከአውራጃ ወደ አውራጃ በተዛወረ ቍጥር አዲስ ስም ይወጣለታል፤ በሌላ በኩል አንድ የታወቀ ስም ለተለያዩ ዛፎች ይሰጣል። ችግኝ ሻጮችም አሮጌውን ዛፍ በአዲስ ስም መሸጥ ትርፍ እንደሚያመጣ ያውቁ ነበር። በመሆኑም በ19ኛው ምዕት ዓመት ውስጥ ገዢው የጠየቀውን ማግኘት አለማግኘቱን ለማወቅ የሚችለው ዛፉ ካፈራ በኋላ ብቻ ነበር።

ይህን ትርምስ ለማጥራት በ1883 በጥቅምት ወር በለንደን አጠገብ በሚገኘው በቺዝዊክ የአትክልት ቦታ ትልቅ የፖም ጉባኤ ተደረገ። ከአገሪቱ አራቱም ማዕዘናት በሳሕን እየተደረደረ የመጣው ፍሬ ከ1500 የሚበልጡ ስሞች ነበሩት። የጉባኤው ሥራ እነዚህን ጐን ለጐን አስቀምጦ መመርመር፣ በሁለት ስም የሚጠራውን አንድ ፍሬ ወደ አንድ ስም መመለስ፣ በአንድ ስም የተሸፈኑትንም መለየት ነበር።

በዚያው ዘመን በሄርፎርድሺር አውራጃ የዉልሆፕ የተፈጥሮ ተመልካቾች ክበብ አባላት የአገራቸው የፍራፍሬ ቦታዎች እያረጁ መሄዳቸውን ተመለከቱ። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ሌላ መተዳደሪያ ያላቸው ናቸው፤ ዋናው አስተባባሪ ሄንሪ ግሬቭስ ቡል ሐኪም ነበር። ክበቡ የታወቀውን የፍራፍሬ ሊቅ ሮበርት ሆግን ይዞ ከ1876 እስከ 1885 በየክፍሉ ያሳተመው መጽሐፍ «ዘ ሄርፎርድሺር ፖሞና» ይባላል። በ77 ባለቀለም ገጾች ላይ 432 የፖምና የፒር ዓይነቶች ተሥለዋል። ሥዕሎቹን የሠሩት ሁለት ሴቶች፣ አሊስ ኤሊስና የሐኪሙ ልጅ ኢዲት ቡል ነበሩ። ሠዓሊዎቹ የፍሬውን ውጫዊ መልክ ብቻ አልሣሉም፤ የተቈረጠው ፍሬ ውስጡ ምን እንደሚመስልም አሳይተዋል። ይህ መጽሐፍ ከመቶ ዓመት በኋላ ለጠፉ ዛፎች ፍለጋ ምስክር ሆኖ እንደሚጠራ የሚያስብ ሰው በዚያን ጊዜ ብዙ አልነበረም።

የመመናመን ዘመን

የመመናመኑ ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም። የባቡር ሐዲድና የእንፋሎት መርከብ ከካናዳ፣ ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ የሚመጣውን ፖም በለንደን ገበያ አራገፉት። ነጋዴው መልኩ አንድ ዓይነት፣ መጠኑ እኩል፣ መንገድ የሚችል ፍሬ ፈለገ። በየቀበሌው የነበሩት ዝርያዎች ግን አንዱ በነሐሴ፣ ሌላው በኅዳር የሚደርሱ፣ አንዱ ለመጠጥ፣ ሌላው ለመጋገሪያ የሚሆኑ፣ በመንደሩ ኑሮ ልክ የተሰፉ ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ አሮጌ የፍራፍሬ ቦታዎች ተነቅለው ለእህልና ለቤት መሥሪያ ዋሉ። በ1973 ብሪታንያ የኤውሮፓ የጋራ ገበያ አባል ስትሆን ከፈረንሳይ የሚገባው ጎልደን ዴሊሸስ የተባለ ፖም ውድድሩን አባሰው። ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት የቆዩ ካርታዎችን ከአሁኑ ጋር አስተያይቶ በ2022 ይፋ እንዳደረገው፣ በእንግሊዝና በዌልስ ከ1900 ወዲህ ከጥንታውያን የፍራፍሬ ቦታዎች 81 በመቶው ጠፍቷል።

ቦታው ሲነቀል የጠፋው ዛፍ ብቻ አይደለም። የትኛው ዛፍ ማን እንደሚባል የሚያውቁት የቦታው ባለቤቶችና ሠራተኞች አርጅተው ሞቱ፤ ችግኝ ማፍያዎችም ገዢ የሌለውን ዝርያ ከዝርዝራቸው እየሰረዙ ሄዱ። በዚህ ዓይነት ዛፉና ስሙ እየተለያዩ መጡ።

የመንግሥት ስብስብና ፈተናው

ከዚህ ጥፋት ብዙውን ያተረፈው የብሔራዊ የፍራፍሬ ስብስብ ነው። ሥራው በ1920ዎቹ በዊዝሊ ተጀምሮ በ1952 በኬንት አውራጃ በፋቨርሻም ከተማ አጠገብ ወዳለው ብሮግዴል ተዛወረ። ዛሬ በዚያ ከ2000 የሚበልጡ የፖም ዝርያዎች፣ እንዲሁም በመቶ የሚቈጠሩ የፒር፣ የፕሪምና የቼሪ ዝርያዎች ይገኛሉ። ከእያንዳንዱ የፖም ዝርያ የተተከለው በሁለት በሁለት ዛፍ ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተካው ታስቦ የተደረገ ጥንቃቄ ነው።

ሁለት ዛፍ ግን የሚያድነው ከበሽታና ከማዕበል እንጂ ከበጀት ጥበት አይደለም። በ1980ዎቹ ማብቂያ መንግሥት በብሮግዴል የነበረውን ጣቢያ ለመዝጋት ወሰነ። ስብስቡ ሊበተን በተቃረበበት ሰዓት በ1990 አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተቋቁሞ ቦታውን ገዛ፤ በዚያን ጊዜ የዌልስ ልዑል የነበሩት ቻርልስም ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበሩ። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ የስብስቡ ሳይንሳዊ ኀላፊነት ለሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ከዚህ ክሥተት የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በአንድ አጥር ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ቅርስ፣ አጥሩ የቱን ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ በአንድ ደብዳቤ ሊጠፋ ይችላል።

የጋራ የፍራፍሬ ቦታ ሐሳብ

ይኸው ዓመት ሌላ ጅምርም ያየ ነበር። ኮመን ግራውንድ የተባለው ድርጅት በጥቅምት 21 ቀን 1990 በለንደን ኮቨንት ጋርደን አደባባይ የመጀመሪያውን የፖም ቀን አከበረ። በ1992 ደግሞ መንደርተኞች፣ ትምህርት ቤቶችና የቀበሌ ምክር ቤቶች በጋራ የሚያለሙት የፍራፍሬ ቦታ እንዲስፋፋ ጥሪ አቀረበ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ በአካባቢው የተገኘ ዝርያ በአካባቢው ሰው እጅ ይመለስ የሚል ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1993፣ በዌልስ ጠረፍ ባሉት አውራጃዎች የማርቸር የፖም ቡድን ተቋቁሞ የጠፉ ዝርያዎችን ከጓሮ ወደ ጓሮ እየዞረ መፈለግ ጀመረ።

አንድ የመንደር ኮሚቴ ይህን ሥራ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚያዘጋጀው የስም ዝርዝር ነው። የችግኝ ሻጮች አሮጌ መዝገቦች፣ የፍራፍሬ ኤግዚቢሽን ዘገባዎች፣ የፍራፍሬ ቦታዎችን በምልክት የሚያሳዩ የመንግሥት ካርታዎችና የሽማግሌዎች ትዝታ ለዚህ ያገለግላሉ። ዝርዝሩ ከተዘጋጀ በኋላ ዛፉ የሚገኝባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከብሮግዴል የመሰለ ስብስብ ቀንበጥ መጠየቅ ነው፤ ስሙ የተመሰከረለት ስለሆነ ከሁሉ የበለጠ ያስተማምናል። ሁለተኛው ከችግኝ ማፍያ መግዛት ነው፤ በዚህ ጊዜ ሻጩ ቀንበጡን ከየትኛው እናት ዛፍ እንደ ቈረጠ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በአንድ የሥራ ቀን የተለዋወጠ አንድ ወረቀት ስሕተቱን ወደ መቶ መንደር ሊያደርሰው ይችላልና። ሦስተኛውና አስቸጋሪው መንገድ በአሮጌ ጓሮ ከቆመ ዛፍ መቍረጥ ነው።

ቀንበጥ የሚቈረጠው ዛፉ በክረምት ቅዝቃዜ በሚያንቀላፋበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ያለፈው በጋ ያበቀለው፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቀንበጥ ተመርጦ በቀዝቃዛና እርጥበት ባለው ቦታ ይቈያል፤ በመጋቢት ወር ከሥረ ግንዱ ጋር ይቀጠላል። ከዚያ እስኪያፈራ በትልልቅ ሥረ ግንዶች ላይ ብዙ ዓመታት ያልፋሉ። የስም ስሕተት ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ተካዮቹ የአያቶቻቸውን ፖም ተከልን ብለው ሲጠብቁ ኖረው፣ በመጨረሻ የሚያገኙት ከገበያ የሚሸመተውን ሊሆን ይችላል። ለእህል ዘር ስሕተት የአንድ ዓመት ኪሳራ ነው፤ ለዛፍ ግን የሰው ዕድሜ ቁራጭ ነው።

ስም የሌለው ዛፍ

በአሮጌ ጓሮ የተገኘን ዛፍ ስም መፈለግ የዳኝነት ያህል ጥንቃቄ ይጠይቃል። ባለሙያው በመከር ጊዜ ከአንድ ዛፍ የተለቀሙ ሙሉ ፍሬዎችን አቅርቦ ይመረምራል፤ የአገዳውን ርዝመት፣ አገዳው የገባበትን ጕድጓድ፣ በተቃራኒው ጫፍ ያለውን የአበባ ቅሪት፣ የልቡን ቅርጽ፣ የሥጋውን ቀለምና ጣዕም ያያል። በመጨረሻም እንደ ሄርፎርድሺር ፖሞና ካሉ ሥዕሎችና በስብስቡ ካሉ ሕያዋን ዛፎች ጋር ያስተያየዋል።

አንዳንድ ጊዜ መልሱ ያልተጠበቀ ይሆናል። በ1998 በዌልስ ሰሜን ምዕራብ ባሕር ውስጥ በምትገኘው በባርድሲ ደሴት፣ ነፋስ በሚመታው አንድ ቤት ግድግዳ ሥር የቆመ አሮጌ ዛፍ ተገኘ። ፍሬው ከበሽታ የጸዳ መሆኑ ትኩረት ስለ ሳበ ወደ ብሮግዴል ተላከ። ሊቋ ጆን ሞርጋን መርምራው ከሚታወቁት ዝርያዎች ከአንዱም ጋር እንደማይገጥም አስታወቀች። ዛፉ አንድ ብቻ ነበር። ወዲያው ቀንበጡ ተቀጥሎ በደሴቲቱ ስም ተሰየመ፤ ዛሬ ከደሴቲቱ ውጭ በብዙ ጓሮዎች ይገኛል። በሳውዝዌል ከተደረገው ውል ጋር ሲነጻጸር ሥርዐቱ አንድ ነው፤ ዛፉ ሲወጣ ስሙም አብሮት ወጣ።

ከ2010ዎቹ ወዲህ በዚህ ሥራ ላይ የዲ ኤን ኤ ምርመራ ተጨምሯል። ጥቂት ለጋ ቅጠሎች በበጋ ወደ ቤተ ሙከራ ይላካሉ፤ ውጤቱም በብሔራዊው ስብስብ ካሉት ዛፎች መለያ ጋር ይመሳከራል። ይህ ዘዴ ለዐይን የሚያስቸግሩ ብዙ ክርክሮችን ቈርጧል። ሆኖም ከሚችለው በላይ ሊጠየቅ አይገባም። ዲ ኤን ኤ ሁለት ዛፎች አንድ መሆናቸውን ይናገራል እንጂ ስማቸውን አይናገርም። ስሙ የሚገኘው አስቀድሞ ስሙ በትክክል የተጻፈለት ዛፍ በስብስቡ ውስጥ ካለ ብቻ ነው። ከማንም ጋር ያልገጠመ ዛፍም ሁሉ የጠፋ ቅርስ አይደለም፤ ብዙዎቹ መንገደኛ በልቶ ከጣለው ፍሬ በአጋጣሚ የበቀሉ ናቸው። ጠንቃቃ ኮሚቴ እንዲህ ያለውን ዛፍ በጥንት ስም አይሸልመውም፤ የተገኘበትን ቦታና ቀን ጽፎ፣ ስሙ እስኪታወቅ በቍጥር ይመዘግበዋል።

ሥሩም ታሪክ አለው

የቀንበጡ ስም ሲጣራ የሥረ ግንዱ መዘንጋት የለበትም። የዛፉን ቁመት የሚወስነው በአብዛኛው ሥሩ ነው። እስከ 20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ድረስ ሥረ ግንዶችም እንደ ፍሬዎቹ በተምታቱ ስሞች ይሸጡ ነበር። በ1913 በኬንት የተመሠረተው የኢስት ሞሊንግ የምርምር ጣቢያ በሮናልድ ሃተን መሪነት ሰብስቦ ለያቸው፤ ከአሳሳች ስም ይልቅም ቍጥር ሰጣቸው። ኤም 9 የተባለው ዛፉን አጭር ያደርገዋል፣ ዕድሜ ልኩንም ድጋፍ እንጨት ይፈልጋል፤ ኤም ኤም 106 መካከለኛ ነው፤ ኤም 25 ትልቅ ዛፍ ያስገኛል። ከዛፎቹ ሥር በግ በሚግጥበት የጋራ ቦታ የሚስማማው የመጨረሻው ነው።

ሌላው መጠንቀቂያ በሽታ ነው። ቀንበጥ ስምን ብቻ ሳይሆን ሕመምንም ይዞ ይጓዛል። ዛፍን በእሳት የተለበለበ የሚያስመስለው ፋየር ብላይት የተባለው የባክቴሪያ በሽታ በእንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1957 በኬንት ነው። ስለዚህ ከማይታወቅ ጓሮ የመጣ ቀንበጥ ለብቻው ተተክሎ ጤንነቱ ሳይታይ ከሌሎች ጋር አይቀላቀልም። እንደ ብራምሊ ያለውም ዝርያ ብናኙ ለሌሎች የማይጠቅም ስለሆነ፣ በአጠገቡ በአንድ ወቅት የሚያብቡ ሌሎች ሁለት ዝርያዎች እንዲተከሉ ያስፈልጋል።

የመስጠት ግዴታ

ይህ ታሪክ በአጭሩ ሲታይ ዝርያን ያቈዩት ሁለት ዓይነት ሥራዎች ናቸው። አንዱ መመዝገብ ነው፤ የቺዝዊክ ጉባኤ፣ የዉልሆፕ ክበብና የብሮግዴል ስብስብ ይህን ሠርተዋል። ሌላው መስጠት ነው፤ የሥጋ ሻጩ ፈቃድና ከደሴቲቱ የወጣው ቀንበጥ የዚህ ምሳሌ ናቸው። መዝገብ ብቻውን ሲሆን የሙታን ዝርዝር ይሆናል፤ ስጦታ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ትርምስ ያመጣል።

በመሆኑም የጋራ የፍራፍሬ ቦታ ሥራ በተከላው ቀን አያልቅም። በግንዱ ላይ የታሰረው ጽሑፍ በዝናብ ይጠፋል፣ በልጆች እጅ ይበጠሳል፤ የዛፎቹ ሥፍራ የተነደፈበት ወረቀት ግን ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ከተቀመጠ ይኖራል። ቦታው የጥንት ዝርያ መኖሪያ የሚሆነውም ተቀባይ ብቻ ሆኖ ሲቀር ሳይሆን፣ በየክረምቱ ከራሱ ዛፎች ቀንበጥ ቈርጦ ከነስሙ፣ ከነመገኛውና ከነቀኑ ለጎረቤት መንደር ሲሰጥ ነው። በሳውዝዌል ጓሮ ያለው አሮጌ ዛፍ ከገባበት በሽታ አይድንም። እርሱ ሲወድቅ ግን የሚጠፋ ዝርያ የለም፤ ሰጪው ከተቀባዩ ጋር ስሙን ጭምር ተዋውሎ ነበርና።